ፈተናችን ያልጠየቀው

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለመምህራን እንዴት እናስተምር የሚለውን ጥናት ጂማ ላይ ስንጀምር ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ያኔ የምናነባቸው ጥናቶች በአብዛኛው የሚለኩት እውቀትን ነበር፦ ማሽኑ ከምን ይማራል፣ ለምን ይሳሳታል። እኛም በዚያው መንገድ ሄድን። ሊሙ ገነት ላይ መምህራን ሰብስበን አሠለጠንን፤ በመጨረሻም ፈተንናቸው።

ከሁሉም የበለጠችው ከከተማው ወጣ ብላ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። «ማሽኑ የማያውቀውንም አሳምሮ ይናገራል፤ ማማሩ እውነት አያደርገውም» ብላ የጻፈችውን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ኮርቼባት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጂማ ውስጥ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ትንሿ ልጇ በሳንባ ምች ተኝታለች። ልጅቷን ሲያተኩሳት እናቷ ስልኳ ላይ ያለውን ማሽን በኦሮምኛ ጠየቀችው፤ እሱም ጉንፋን ነው፣ ፈሳሽ ስጪያት፣ ይተዋታል አላት። ጠበቀች። የልጅቷ ትንፋሽ ሲያጥር ነው ስልኩን ትታ ጎረቤት የጠራችው፤ እሱም በሞተር ይዟቸው ወጣ።

«ታዲያ እንዴት አመንሽው?» አልኳት ሳላስበው።

«መንገዱ ጭቃ ነው፤ ባለቤቴ ቡና ለቀማ ሄዷል» አለች። «ብቻዬን ነበርኩ። ስልኩ ደግሞ አይዞሽ ይላል። እውነቱን ልንገርዎት? መልስ አይደለም የፈለግኩት፤ አይዞሽ የሚለኝ ነው። በእናንተ ፈተና ላይ ደግሞ ማንም አልፈራም ነበር።»

ዶክተሩ ወጥቶ ልጅቷ እየተሻላት መሆኑን እስኪነግረን ድረስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ጊንጆ ሰፈር ያለው ቤቴ እስክደርስ ስለ ፈተናው ያለችው አልለቀቀኝም። በማግስቱ ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዱ፣ «በአንድ ሰው ታሪክ ጥናት ይቀየራል እንዴ?» አለ። ልክ ነበር። ግን በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም እውቀትን ከመቁጠር አልፈው ሰው በተጨነቀ ጊዜ ማሽኑን እንዴት እንደሚጠቀም መጠየቅ ጀምረው ነበርና፣ ተከራክረን ተስማማን። እውቀት ብቻ የሚጠይቀውን ፈተና ትተን ሰው ሲቸኩል፣ ሲፈራ፣ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ የሚያወያይ ትምህርት አዘጋጀን። መምህርቷንም እንድታግዘን ለመንኳት። አሰበችበት፤ እሺ አለች።

ጂማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባደረግነው ሥልጠና የልጇን ነገር ራሷ ተነሥታ ተናገረች። ከዚያ አንድ አዛውንት መምህር፣ «እኔም የላሜን በሽታ ጠይቄው ነበር» አሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን አንዱ ከሌላው እየተቀበለ የራሱን አወራ። በቀደመው ሥልጠና እንዲህ ያለ ወሬ ሰምተን አናውቅም።

ውጤቱን በምን እንደምንለካው ግን ዛሬም አልተስማማንም። ሰው ስልኩን አስቀምጦ ጎረቤቱን የጠራበትን ሰዓት ስንት ነጥብ ትሰጠዋለህ?