የጥድ ጉዝጓዝ

አናጢ ነኝ። መኖሪያ ቤቴና የእንጨት ሥራ ቤቴ ሶዶ ውስጥ በአንድ ግቢ ናቸው፤ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንቅልፍ የሚወስዳት በመጋዝ ጩኸት ነው። ሰጋቱራ ጫማዬ ውስጥ አለ፣ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ወጥ ውስጥ ተገኝቶም ባለቤቴ ስንት ጊዜ ተቆጥታለች። በጆንያ እየሞላሁ ለዶሮ አርቢዎችና ለሥጋ ቤቶች እሰጣለሁ፣ የተረፈውን አቃጥላለሁ። እንዲህ ላለ ሰው፣ እጅ ለማይሞሉ ሁለት እንስሶች የሚነጠፍ ነገር ገንዘብ አውጥተህ ግዛ ቢሉት ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። እኔም ያንኑ አልኩ፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የልጄ አስተማሪ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ከዚያው ከአዲስ አበባ ያመጣቸውን ሁለት ጊኒ ፒጎች ክፍል ውስጥ ያሳድግ ነበር። ሲሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ በእረፍት ሰዓት ጎመን ስታበላቸው ለከረመችው ለልጄ ሰጣት። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካርቶኑን አቅፋ ከባጃጅ ስትወርድ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አሁንም አልረሳሁትም። ስከፍተው ጭራ የሌላቸው፣ ጆሯቸው የተጣጠፈ፣ አፍንጫቸው ሥራ የማይፈታ ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቡናማ። ሰፈርተኛው «የፈረንጅ አይጥ» አላቸው። ልጄ ለሁለቱም ስም አውጥታላቸው ቀኑን ሙሉ ስትጠራቸው ትውላለች፤ እኔ ግን ነጯና ቡናማዋ እላቸው ነበር።

አስተማሪው በደብተር ወረቀት ላይ መመሪያ ጽፎላታል። ደረቅ ሣር ይነጠፍላቸው፣ ሲርስ ይቀየር ይላል። ሶዶ ላይ በሐምሌ ደረቅ ሣር ከየት ይመጣል? ገበያ የሚወጣው ለከብት የታጨደ፣ ውኃ የሚንጠባጠብ ለምለም ሣር ነው። ጭድ ያላቸው ሰዎች ለላሞቻቸው ይፈልጉታል። ልጄ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። መጀመሪያ ያለቁ ደብተሮቿን ቀዳድዳ አነጠፈችላቸው፤ በአንድ ቀን ረጥቦ እንደ ሊጥ ሆነ፣ ቤቱንም አሸተተው። ቀጥላ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅማ መጣች፤ ክሩ የቡናማዋን እግር ተብትቦ ባለቤቴ በመቀስ ስታስለቅቃት እንስሳዋ እንደ ፉጨት ጮኸች። በሦስተኛው ቀን ልጄ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች።

«አባዬ፣ ደረቅ ሣር ግዛልኝ። ትንሽ ብቻ።»

«ለአይጥ ድርቆሽ የሚገዛ አናጢ የት አይተሻል?» አልኳት። «የአባትሽ ቤት በሰጋቱራ ተቀብሮ!»

በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛ የፈረሰ የአባቱን ቤት ምሰሶዎች አምጥቶ ቁም ሣጥን እንድሠራለት አዞኝ ነበር። ጥድ ናቸው፤ ዛሬ በገበያ የማይገኝ የድሮ ጥድ፣ ውስጡ እንደ ሥጋ የቀላ። መላጊያው ሲያልፍበት ሽታው ግቢውን አልፎ መንገደኛ ያስቆማል። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የከተመ አናጢ ነበር፤ ስለ ጥድ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፣ ልብስ መሃል ፍቅፋቂውን ያስቀመጠ ሰው ብል አያገኘውም ይለኝ ነበር። እናቴ የበዓል ልብሷን የምታኖርበት ሣጥን ታቹ ሁልጊዜ የጥድ ፍቅፋቂ ነበረበት። ለእንስሶቹም ከዚህ የተሻለ ምን አለ አልኩ። ተባይ አይደርስባቸው፣ ሽታቸው ቤት አይገባ።

እውነቱን ለመናገር ደግነትም ነበረበት። ሣጥን ሠራሁላቸው፣ ከዚያው ከጥድ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከሥሩ ሰጋቱራውን፣ ከላይ ፍቅፋቂውን ጎዘጎዝኩ። ባለቤቴ አሽትታ «እኔንም እዚህ ብታስተኛኝ ምን አለበት» ብላ ቀለደችብኝ። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ የታወቀ ነው።

በሳምንቱ ልጄ «እያነጠሱ ነው» አለችኝ።

«የዳሞታ ብርድ ነው» አልኳት። ተራራው በደመና ተሸፍኖ ነበርና ምክንያት ለማግኘት አልተቸገርኩም።

ከሁለት ቀን በኋላ የነጯ ዓይን እንባ ያዘ። ልጄ ሹራቧ ውስጥ ይዛት ስትዞር አገኘኋትና ተቆጣሁ፤ ሣጥን የሠራሁት ለጌጥ ነው ወይ ብዬ። ከዚያ በኋላ ስለ ማንጠስ አንድም ቃል አልነገረችኝም። ትንሽ ሰላም ያገኘሁ መሰለኝ።

ሰላም አልነበረም፤ ልጄ በራሷ መንገድ መፍትሔ እየፈለገች ነበር። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን የጉኑኖ ተወላጅ ናት። ከጓሮዋ ጥቂት የእንሰት እግሮች አሉ። የደረቀውን ቅጠል፣ ኮባውን፣ እየቆረጠች ዝናብ እንዳይነካው ቆጡ ላይ ታኖረዋለች፤ ላም ስትወልድ ይነጠፋል፣ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ልጄ እሷን ለምና አንድ እቅፍ አምጥታለች። ቁጭ ብላ በጣቷ እንደ ክር ተርትራው፣ የእኔን ጥድ ጠርጋ አውጥታ፣ ኮባውን አነጠፈች። አነጠፈች ስል አንድ ጊዜ አይደለም፤ ለአራት ቀን እኔ ሳላይ ስትቀይር ኖራለች። በእነዚያ አራት ቀናት እንስሶቹ እንዳላነጠሱ ኋላ ነው ያወቅሁት።

እኔ ያየሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ሣጥኑን ስከፍት ያ ቀይ ጉዝጓዜ የለም፤ በቦታው ቡላ መልክ ያለው የኮባ ብጥስጣሽ ተከምሮ ሁለቱ እንስሶች መሃሉ ገብተው እያኘኩ ነው። የተሰማኝን ልናገር፤ የተናቅሁ መሰለኝ። አባቴ ያከበረውን ጥድ በኮባ! ጠርጌ አወጣሁት፣ ጓሮ ወስጄ እሳት ለኮስኩበት።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆና አየችኝ።

«ኢሻ» አለችኝ። በወላይትኛ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ልጁ ጥሩ ነው የሠራችው። ለምን አቃጠልክ?»

«ጉንዳን ይስባል፣ እህቴ።»

«እንስሳ የማይበላውን አታንጥፍለት። ሲርበው የተኛበትን ነው የሚበላው። እኛ ለላም እንደዚያ ነው።»

«አንቺ ላም ታውቂያለሽ፣ እኔ እንጨት አውቃለሁ» አልኳት እየሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አዲስ ጥድ ከመላጊያው ሥር በእጄ ዝቄ ሣጥኑን ሞላሁት፤ ከበፊቱ አብልጬ።

ልጄ ከገበያ ስትመለስ አየችው። አላለቀሰችም። «እሺ አባዬ» አለች።

ነጯ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ ተገኘች። ባለቤቴ ልጅቷ ሳትነሳ ጠራችኝ። እንስሳዋን ከሣጥኑ ሳነሳት ቀለለችኝ። ጠጉሯ ሁሉ ጥድ ጥድ ይላል፤ አፍንጫዋ ላይ ደቃቁ ሰጋቱራ ከእርጥበት ጋር ረግቶ ቀይ ዱቄት ሆኗል። ያን ጊዜ አወቅሁ። ሐኪም አልነገረኝም፣ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ጥድ ስሰነጥቅ አፍና አፍንጫዬን በሻርፕ የማስረው እኔ ነኝ። አባቴም ያስር ነበር። ለዋንዛ አናስርም፣ ለባሕር ዛፍ አናስርም፤ ለጥድ እናስራለን፣ ካላሰርን ጉሮሯችን እስከ ማታ ይከረክረናልና። ይህን ሰላሳ ዓመት ሳደርገው ኖሬያለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ልጄ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር።

«ምን ሆና ነው?»

እዚህ ላይ ነው አፌን ማመን ያቃተኝ። «ያ ኮባሽ እርጥበት ነበረው» አልኳት። «ብርድ አስገባባት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ልጄ እንስሳዋን ከእጄ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። አጥር ሥር ካለው አቮካዶ ግርጌ እኔ ጉድጓድ ስቆፍር እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም ነበር፣ ይቅርታ» ትላታለች። ደጋግማ። አካፋውን ይዤ ሰማኋት፣ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ያላማሩ ሥራዎች ሠርቻለሁ፤ ያጋደለ በር፣ የማይገጥም መሳቢያ። እንደዚያ ጠዋት ዝምታዬ ያስጠላኝ ነገር ግን የለም።

ቀናት አለፉ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ምሳ ስንበላ እነግራታለሁ፣ ከምሳ በኋላ ደንበኛ ይመጣል፤ ደንበኛው ሲሄድ ዝናብ ይመጣል። ቡናማዋን ለማዳን ግን በድብቅ ጉዝጓዙን ቀነስኩላት፤ ወንድ ሆኜ እውነቱን ከመናገር ሰጋቱራ በእፍኝ መስረቅ ቀለለኝ። እሷም ማንጠሷን አላቆመችም።

አንድ ቀን ከአረካ የመጣ የእንስሳት ሐኪም መደርደሪያ ሊያዘኝ ገባ። ወጣት ነው። ለእንጨቱ ልክ ስወስድ ቡናማዋ ስታነጥስ ሰምቶ ወደ ሣጥኑ ሄደ፤ አነሳት፣ ጎኗን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ምን ላይ ነው የምትተኛው?»

«ጥድ ላይ።»

ወደ አንገቴ አየ። ሻርፑ እዚያው ተንጠልጥሏል። «እርስዎ ለምን ያስራሉ?» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ እየጠየቀኝ ነበር። ሣጥኑንም አሸተተና ሣጥኑም ጭምር መቀየር አለበት አለኝ። ስለ ነጯም ስነግረው፣ ቶሎ ከተቀየረላት ይህችኛዋ ትድናለች፣ ካልሆነ እንደ መጀመሪያዋ ናት አለ።

የዚያኑ ዕለት ሥራ አቁሜ ከዋንዛ ሌላ ሣጥን ሠራሁ። ወደ ጎረቤቴ ሄድኩና ኮባ ለመንኩ። ጉዳዩ ገብቷት እንደሆነ አላውቅም፤ ከቆጡ አውርዳ ሰጠችኝ፣ ደህና ደረቁን እየመረጠች። እንደ ልጄ በጣቴ ለመተርተር ሞከርኩ፤ የአናጢ ጣት ለዚያ አይሆንም፣ እየቆራረጥኩ ጨረስኩት። አነጠፍኩ፣ ቡናማዋን አስገባሁ። ወዲያው መብላት ጀመረች። እንግዲህ ተረፈች፣ መናገሩም አያስፈልግም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት ኮባው የለም። ሞልቶ የሚታየው ጥድ ነው።

ልጄን ጠራኋት። እጇ ላይ ቀዩ ዱቄት አለ፤ ከመላጊያው ሥር በሳህን እየዛቀች ስታመላልስ ኖሯል።

«ማን አድርጊ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

ደነገጠች። «ኮባ ነው ነጯን የገደላት ብለኸኛል እኮ» አለች። «ይህችኛዋን እንዳይገድልብኝ ብዬ ነው። አባዬ፣ አንተ ረስተህ ነው ኮባ ያነጠፍከው።»

ረስተህ ነው አለችኝ። የዋሸሁ መሆኔ ጭራሽ አልመጣላትም። የመጋዝ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቡናማዋ ሣጥኑ ውስጥ አነጠሰች፤ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና።

«ኮባሽ አይደለም የገደላት» አልኳት። «ኮባሽ ደግ ነበር። የእኔ ጥድ ነው። ኮባሽን አቃጥዬ ጥዱን የመለስኩት እኔ ነኝ። ስትሞት ገብቶኛል፤ እያወቅሁ ነው ባንቺ ያመካኘሁት።»

ልጄ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቡናማዋን ማውጣት ነው፤ ሹራቧ ውስጥ ከተተቻት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም፤ ግንባሯን ቋጠረች።

«ታዲያ እኔ ለምን ይቅርታ ጠየቅኋት?»

ጥዱን ከሣጥኑ በእጄ መዛቅ ጀመርኩ።

«አንተ ጠይቃት» አለች።

አቮካዶው ሥር ሄድን። ዝናቡ አፈሩን አስተካክሎታል፤ ቦታውን ያሳየችኝ እሷ ናት። ቁጢጥ አልኩ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ይሰማታል። አፍሬ ነበር፣ ቢሆንም «ይቅርታ» አልኩ።

«እንደዚያ አይደለም» አለች ልጄ ከበላዬ ቆማ። «ስሟን ጥራ። ካልጠራሃት ማንን እንደምታናግር በምን ታውቃለች?»

አፌን ከፈትኩ። ስሟን አላውቀውም። ልጄ ክረምቱን ሙሉ በመጋዜ አጠገብ ስትጠራው የኖረችውን ስም አንድም ቀን ጆሮ ሰጥቼ አልሰማሁትም። ቀና ብዬ አየኋት። ያኔ ገባት። ፊቷ ላይ ያየሁትን ልጽፈው አልችልም።

ጎንበስ አለችና ሹራቧን በአንድ እጇ እንደያዘች ስሙን በጆሮዬ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። በስሟ ጠራኋትና እንደገና ጀመርኩ።