ለእማ ዘሀራ የተባለው አልበም

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለጎረቤት አልነገርኩም፣ ለእህቴ አልነገርኩም፤ ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዘልዬው ነው የማልፈው። አሁን እናገራለሁ። የምታነቡት ፍረዱ።

ፍርሃት የያዘኝ ዘሀራ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ለቀስተኛው ቀለል ሲል ልጄ ሀያት የሟቿን ሣጥን ከፍታ ልብሷን ታጥፋለች። እስከ ታች ድረስ ፈተሸች። ያገኘችው የራሷን የተማሪ ቤት ጉርድ ፎቶ ነው፤ ዘሀራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠችው። ሀያት ፎቶውን ይዛ ቀና አለችና፣

«እትዬ፣ አልበሙስ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

«ከእማ እጅ ዕቃ አይጠፋም። ፎቶ ቤቱን እጠይቃለሁ። የወሰደ ሰው እዚያ ይፈርማል። በሳምንቱ ስመለስ አልፍበታለሁ።»

የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ከሥር ልጀምርላችሁ። ባሌ ሲሞት ሀያት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ጅዳ ሄጄ የሰው ቤት ስሠራ ልጄን ያሳደገቻት ዘሀራ፣ የባሌ እህት ናት። ዘሀራ አልወለደችም። ዘጠኝ ዓመት አሳደገችልኝ። ስመለስ ልጄ እሷን «እማ» ትላለች፣ እኔን «እትዬ»። እሷን አንቺ፣ እኔን አንቱ። ለዚህ ማን ጥፋተኛ ነው? ማንም። እኔ ግን ጥፋተኛ ፈለግሁ፤ ፈልጌም ዘሀራን አገኘሁ።

ሀያት ስትዳር ፎቶ አንሺው ፓኬጁን ቁጭ ብሎ አስረዳን። ቪዲዮ አለው፣ ለሙሽሮቹ ትልቅ አልበም አለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፍሬም አለው፣ በዚያ ላይ ሁለት ትንንሽ አልበም። «ትንንሾቹ የእናት አልበም ይባላሉ» አለ። «አንዱ ለሙሽራው እናት፣ አንዱ ለሙሽሪት እናት። ሽፋኑ ላይ ስም እናትምበታለን።» ይኼን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ለሙሽሪት እናት ብሏላ።

ፎቶውን የመረጠችው፣ ስሙንም ያስጻፈችው ሀያት ናት። ካራቆሬ ከተማ ባሏ ቤት ከገባች በኋላ አልበሙ ታትሞ ከአዲስ አበባ እኛ ከተማ ፎቶ ቤት መጣ፤ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ትልቁን በሚኒባስ ላኩልኝ። ፍሬሙ ለእርስዎ ነው፣ ሳሎን ስቀሉት። ትንሹን ለእማ ስጡልኝ» አለችኝ። የአማቷን አልበም ባሏ ራሱ ወስዶላት ነበር።

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ፎቶ ቤት ሄድኩ፣ ደብተሩ ላይ «ከድጃ» ብዬ ፈረምኩ፣ ዕቃውን በባጃጅ ጭኜ ቤቴ ገባሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቃል አንድ ባንድ ነው የማነበው። ሽፋኑን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ለ። እ። ማ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ዘሀራ የሚለው መጣ።

ውስጡን አልገለጥኩም። ከጅዳ ባመጣሁት ሻንጣ ውስጥ፣ ከማልለብሰው አባያ ሥር ከተትኩት። ለአንድ ሌሊት ነው አልኩ። ነገ እሰጣታለሁ አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ እያልኩ ኖርኩ። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ሰው አልመከረኝም፣ ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬም በእሱ አላሳብብም። እኔ ነኝ።

ሀያት ደውላ «እማ አየችው? ምን አለች?» አለችኝ። «ራሷ ከፎቶ ቤት ወስዳ አየችው። አለቀሰች» አልኳት። ከየት አመጣሁት? አላውቅም፤ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር።

ዘሀራ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ። «ከድጃ፣ ፎቶው ደረሰ ይሆን?» አለች። «ገና ነው» አልኳት። «በሰላም ይድረስ» አለች፤ ሁለተኛ አላነሳችውም። ልጅቷን በስልክ አልጠየቀቻትም፤ ስጪኝ ማለት ነውር ሆኖባት ነው። ሀያትም ደረሰሽ ወይ አላለቻትም፤ አመስግኚኝ ማለት መስሏት ነው። እኔ በሁለቱ ይሉኝታ መሀል ተደላድዬ ተቀመጥኩ። እንዲያውም አንድ ጎረቤታችን እኔ ፊት ዘሀራን ነካካቻት። «አሳድገሽ አሳድገሽ፣ አንድ ፎቶ ነሳችሽ?» አለቻት። ዘሀራ ሳቀችና «ምን ያደርግልኛል፣ ፊቷ እንደሁ አይጠፋኝ» አለች። እኔስ ምን አደረግሁ? አብሬ ሳቅሁ።

እንዲህ ሆና ሞተች። ልጄ የረሳቻት መስሏት ሞተች።

እና ያ ሳምንት መጣ። ልጄን ዳግመኛ ላጣ ነው አልኩ። አንዴ በጅዳ አጥቻታለሁ። ሀያት ከመምጣቷ በፊት ፎቶ ቤት ሄድኩ። የፍሬሙ መስታወት ሊሰበር ነው የሚል ሰበብ ይዤ ነበር፤ ግን ሰበቤን ትቼ «ደብተሩን አሳየኝ» አልኩት።

ፎቶ አንሺው ገለጠልኝ። «ይኸው እናት፣ ፊርማዎ ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል» ብሎ ቀለደ። ከዚያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው መጣበትና ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ደብተሩና እኔ ብቻ ቀረን። ወረቀቱን ያዝኩት። አንድ ጊዜ ብስበው ነበር የሚያልቀው። «ትንሹ አልበም፣ ለእማ ዘሀራ» ይላል፤ አጠገቡ የእኔ ስም፣ ተጣሞ፣ ትልቅ ሆኖ።

ያን ወረቀት ብቀድ ዘሀራን ሁለቴ መስረቄ ነው። የሙት ሐቅ አንዴም ይከብዳል። ለቀቅሁት። ደብተሩን ከደንኩና ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት አልበሙን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ካራቆሬ ሚኒባስ ገባሁ። ሰው ስለ መንገዱ ሰላም ያወራል፤ እኔ የምፈራው መንገዱን አልነበረም።

ሀያት በር ላይ ልጇን ታቅፋ ቆማ ነበር። ሰላምታ ሳልሰጣት ዘረጋሁላት። «እኔ ጋ ነበር። አልሰጠኋትም። ራሷ ወሰደችው፣ አለቀሰች ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኩ። ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝና አልበሙን ተቀበለች። መደቡ ላይ ተቀምጣ መግለጥ ጀመረች። እኔም በትከሻዋ አሻግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጡን አየሁ። መሀሉ ላይ ሀያት በእኔና በዘሀራ መካከል ቆማለች፤ በሁለት እጇ ሁለታችንን አቅፋለች። ያን ፎቶ ለዘሀራ መርጣላታለች። ሽፋኑን ብቻ አንብቤ ነበር ሦስት ዓመት የተቃጠልኩት።

«እሷ ምን ብላኝ ይሆን የሞተችው?» አለች ሀያት። አልበሙን ከደነችና፣ «አፉ ልበልዎ፣ ይቅር ልበልዎ ብል ዛሬ ከአንገት በላይ ነው የሚሆነው» አለችኝ። ልሄድ ስነሳ ደግሞ፣ «የት ነው የሚሄዱት? ልጁ እኮ ክንድዎ ላይ ተኝቷል። ተቀመጡ» አለች።

ተቀመጥኩ።

በቅናት ነው ብዬ ራሴን አላስተዛዝንም። ስደት ነው የጎዳኝ አልልም፤ የተሰደደ ሁሉ አልሰረቀም። ዘሀራን አፉ በይኝ ልላት አልችልም፤ ጊዜው አልፏል። እናንተ ዱዓ አድርጉላት። ሀያት አልበሙን ከራሷ ትልቅ አልበም ጎን አድርጋዋለች፣ ስሙ በሚታይበት በኩል። ልጇ ከፍ ሲል ሽፋኑን የማነብለት እኔ ነኝ፤ ማን እንደደበቀውም ጨምሬ እነግረዋለሁ።

ይህን የማስጽፈው ከልጄ ቤት ነው። ከዚህ በኋላ የሚገለጥብኝ ነገር የለም። ደኅና ነኝ።