ከአጥር ማዶ የነበረው ቲማቲም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጣሊያን በሸዋ ሮቢት በኩል መንገድ በሚያሠራበት ዘመን፣ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለች ቲማቲም አማራት። በእኛ አገር የእርጉዝ አምሮት እንደ ዘበት አይታይም፤ ከቀረባት ያስወርዳታል ይባላል። ዜማና ቅኔ ተምሬ የመጣሁ ሰው እንደመሆኔ ነገሩን በአፌ ባልቀበለውም፣ በልቤ ፈራሁ።

ቲማቲሙ ግን ያለው ከአጥር ማዶ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ለመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ማድ ቤት ውሃ በመቅዳት ሲሠሩ፣ ከተጣለ ፍሬ ዘሩን ለቅመው ተከሉት። ለእኔም ሳልጠይቃቸው ከዘሩ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ሚስቴን ከሌላ ሰው ጓሮ ማብላት ውርደት መስሎ ታየኝና፣ «ከጓሯችን እስኪደርስ ታገሺ» አልኋት። እሺ አለች።

ዘሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ውሃውም ከአንድ ቦይ በተራ የሚወርድ ነው። ይሁን እንጂ የእኔ አበባ በቆላው ሙቀት ይረግፋል፤ ግንዱንም ምስጥ ይበላዋል። የእሳቸው ከማሽላ አገዳ በተሠራ ዳስ ሥር ቀልቶ ይንዠረገጋል። ዳሱ ስለ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። አልጠየቅሁም። በየጠዋቱ በአጥሩ ቀዳዳ ፍሬያቸውን እቆጥር ነበር። ሲጎድል ወፍ በላው እያልሁ እጽናናለሁ።

አንድ ቀን አይተውኝ ሳቁ። «ደብተራው፣ ቲማቲም እንደ ቅኔ ቁጭ ተብሎ አይዘረፍም እኮ።»

«የእግዜር ፈቃድ ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

በተራቸው ቀን ውሃውን ወደ ጓሯቸው መልሰው በማለዳ ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። መሄዳቸውን ጠብቄ የቦያቸውን አፍ በሣርና በጭቃ ደፈንሁት፤ ውሃው ወደ ሮቢ ወንዝ ወረደ። ከመመለሳቸው በፊት ከፈትሁት። በሚቀጥለውም ተራ እንዲሁ አደረግሁ። ቅጠላቸው ጠወለገ። ደስ አለኝ፤ አልክደውም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴን ምሳዋን ሳትቀምስ፣ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«የጋሼ ቲማቲም እየደረቀ ነው።»

«ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?»

«ስበላ የከረምሁት እሱን ነው። በየቀኑ አንድ አንድ በአጥሩ ያቀብሉኝ ነበር። እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ፣ አይንገሩብኝ ያልኋቸው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ተራው የእኔ ነበር። ውሃውን በሙሉ ወደ ሽማግሌው ጓሮ መለስሁት። ለሥራ ሲወጡ ደረሱብኝ።

«የእኔ ተራ እኮ አይደለም» አሉ።

«ያለፉት ሁለቱ የእርስዎ ነበሩ።»

እጄ ላይ ያለውን ጭቃ አዩ፤ ፊቴንም አዩ። «እንግዲያው ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርጥበው፤ ያቃጥለዋል» አሉና ሄዱ።

የእኔ መደብ በዚያ ሳምንት ደረቀ። የእሳቸው አገገመ፤ ልጃችንም በደኅና ተወለደ። ሽማግሌው አራስ ሊጠይቁ ሲመጡ ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ፈገግ አለችላቸው። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ብላልኝ አታውቅም ነበር።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔ ዛሬም ቲማቲም እተክላለሁ። ጥላው አበባውን እንደሚያቆይለት እያወቅሁ ግን ዳስ አልሠራለትም፤ አበባው በየዓመቱ ይረግፋል።