ማሽኑ የማያውቃት ወር

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ስመደብ እናቴ "ልጄን ሙቀት ሊገድልብኝ ነው" ብላ አልቅሳለች። እኔ ግን ሙቀቱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። የፋብሪካው ኮምፒዩተር ክፍል ቀዝቃዛ ነበር፤ እሱም እዚያ ነበረ። እሱ የምለው አብሮኝ የሚሠራውን የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ "አቦ" ሳይል አፉን የማይከፍተውን። ወድጄው ነበር። ታዲያ ማን ደፍሮ ይናገር!

የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያሰላውን ፕሮግራም አብረን ነው የጻፍነው። የጻፍንበትን የኮምፒዩተር ቋንቋ የሸጠልን የውጭ ድርጅት ግን ውሉን ለወጠ፤ ፈቃዱ ከእንግዲህ በየዓመቱ በዶላር ካልታደሰ ፕሮግራሙ ይቆማል አለን። ዶላር ከየት ይምጣ? ጓድ ኃላፊያችን "ከቆመ ክፍሉ ይታጠፋል፤ አንቺስ ታድለሻል፣ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ" አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎት እኮ ነው!

ቀኑ ደረሰና ቆመ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ባበጠ ዓይኔ ማሽኑን ስከፍት እንደ ልማዱ የዕለቱን ቀን ጠየቀኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር መስጠት ሲገባኝ ተሳስቼ በእኛ ሰጠሁት። ፕሮግራሙ ተከፈተ! የእኛ ዓመተ ምሕረት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ለማሽኑ ፈቃዱ ገና አላለቀም።

"አቦ! አንቺ ልጅ፣ ምን ነካካሽ?" ብሎ ሮጦ መጣ። ነገርኩት። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

"ይሄ ግን አያዛልቅም" አለኝ። "ከማሽኑ ጋር በነጻ በመጣው ቋንቋ እንደገና እንጻፈው።"

እሱ እያነበበ እኔ እየጻፍኩ ክረምቱ ገባ። ስሳሳት "የእኔ ሐበሻ፣ ቀኑን መሳሳትሽ አይበቃሽም?" እያለ ያበሽቀኛል። "የእኔ" የምትለዋን ቤቴ ይዣት እገባ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አዲሱ ፕሮግራም ደመወዝ አወጣ። ክፍሉ አልታጠፈም፤ ቀረሁ።

"ጳጉሜን ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ ማሽኑን እያጠፋ። "ይሄ እንደሆነ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም።"

"አሁን እኮ የፈረንጁን ቀን መስጠት እንችላለን" አልኩት። ሞኟ!

"አቦ፣ ማሽኑን ተይው! እንጋባ ነው የምልሽ!"

እናቴ "በጳጉሜ ሠርግ የት አገር ታየ!" እያለች መጣች። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር የሚመጡት ወዳጆቻችን ዘግይተው ደረሱ። እናቴ ከመካከላቸው ተቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። አጠገቧ ሄጄ "አሁንም ታለቅሻለሽ?" አልኳት።

"ላብ ነው" አለችኝ።