በአየርላንድ የሰማሁት መርዶ

ልጄ ማህሌት ትናንት ጠዋት ከአየርላንድ ፎቶ ላከችልኝ። ባሕር ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ገደል ጫፍ ላይ ቆማ፣ ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ በትኖት፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከሥሩ «ሌከር ነው አባ፣ አንተም መምጣት ነበረብህ» ብላ ጽፋለች፤ ሌከር በደች ግሩም ማለት ነው። አምስተርዳም አጠገብ አምስተልቨን በምትባል ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፤ የሄደችውም ብቻዋን ነው። ብቻን ለሽርሽር መሄድ የሚባለውን ነገር አልወደውም፤ ለእሷም ነግሬአታለሁ። ሰው ሲደሰትም ሲታመምም አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

ፎቶውን እያየሁ ሳለ ባለቤቴ አስቴር ከመኝታ ቤት ጮኸች። እናቷ እማማ ዘነበች አዲስ አበባ ውስጥ አርፈው ነበር። ወንድሟ በስልክ ነው የነገራት፤ የዛሬ ስልክ ሽማግሌ አይጠብቅም። ማህሌት ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየክረምቱ እየሄደች የእማማን ጭን ተንተርሳ ያደገች ልጅ ናት። እስከ ዛሬ ድረስ እሁድ እሁድ ሳትደውልላቸው አትውልም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ ያለው ቤታችን በሰው ሞላ። ወጥ ቤት የነበሩት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተመካክረው ጨርሰዋል።

«ማሂ በሳምንቱ መጨረሻ ትመለስ የለ? ቄሱን ጠርተን፣ ተሰብስበን፣ በአግባቡ እንነግራታለን። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ።»

«ዛሬውኑ ይነገራታል» አልኩ።

«በስልክ? በሰው አገር? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው አቶ ታደሰ!» አለችኝ አንዷ፣ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች።

እኔ ግን ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያቴም ያው አየርላንድ ነው።

ወጣት ሳለሁ የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ሳጥን እጭን ነበር። ትምህርቴን ከመንገድ አቋርጬ ስለተሰደድኩ፣ እንግሊዝኛንም ደችንም የተማርኩት በራሴ ነው፤ በአንድ እጄ መዝገበ ቃላት፣ በሌላው ዳቦ ይዤ። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት አንድ መጽሐፍ ስለ አየርላንድ ጥንታዊ ገዳማት ያወራ ነበር። እዚያ ባሕር ዳር፣ ብርድ ላይ ተቀምጠው ብራና ይጽፉ የነበሩ መነኮሳት እንደነበሩ ሳነብ ደነገጥኩ። ፈረንጅ ብራና ይፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ካላየሁት ብዬ ሁለት ሰዎችን ነዘነዝኩ።

አንደኛው አብሮኝ የሚኖረው ሰለሞን ነው፤ በሁሉ ነገር የሚቀልድ ልጅ። ሁለተኛው ጋሽ ኪዳነ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ኤርትራዊ፣ አማርኛን አሰብ ወደብ ሲሠሩ የተማሩና ከኛ አሳምረው የሚናገሩ ሰው። መኪናዋ የሳቸው ነበረች። በመርከብ ወደ እንግሊዝ፣ እንግሊዝን በመኪና አቋርጠን፣ በሌላ መርከብ አየርላንድ ገባን። ወሩ ግንቦት ነበር።

ከመርከቡ እንደወረድን ሰለሞን ፈረቃው ተቀይሮ እንደሆነ ለመጠየቅ ከወደቡ የሕዝብ ስልክ ወደ ሮተርዳም ደወለ። ፈረቃውን ትቶ የነገሩት ሌላ ነው፤ ደሴ ያለችው እናቴ ሞታ ተቀብራለች። ይህን እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከኔ የተደበቀውን ግን ከአንባቢዬ አልደብቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያች መኪና ውስጥ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሽ ኪዳነ ወሰኑ። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ልጁ ቤቱ ይግባ፣ ሰው ይሰብሰብለት፣ በማለዳ በሩ ይንኳኳ፣ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ይኑረው። የመመለሻው መርከብ ቀን ገና ነበር። ቀድመን እንመለስ ቢሉ ደግሞ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ጉዞው ቀጠለ።

አገሩ ያምራል፤ አልዋሽም። ዝናብ ይጥላል፣ ወዲያው ፀሐይ ይወጣል፣ መልሶ ይጥላል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኙ ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ጀርባቸው ላይ ቀለም የተቀቡ በጎች። እሾሃማው ቁጥቋጦ ሁሉ ቢጫ አበባ ለብሷል። በየደረስንበት ጥቁር ዳቦ ከወፍራም ቅቤ ጋር፣ ድንችና የበግ ሾርባ እንበላ ነበር። ጋሽ ኪዳነ ሥጋውን ከሳህናቸው እያነሡ ወደኔ ያሸጋግራሉ።

«እርስዎስ?»

«እኔ ጠግቤአለሁ፤ ብላ ወደይ» ይላሉ፤ ወደይ ማለት በሳቸው ቋንቋ ልጄ ነው። ከፊት ያለውን መቀመጫም ለቀቁልኝ፤ መንዳቱን ለሰለሞን ሰጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሰለሞን ቀልድ አቆመ። እኔ ደግሞ ቀልደኛ ሆንኩ።

«ምን ነካችሁ? የቀብር መኪና አስመሰላችኋት እኮ!» አልኳቸው አንድ ቀን።

ሰለሞን መኪናውን ዳር አውጥቶ አቆመና ሽንቴ መጣ ብሎ ወረደ። አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆየ። እኔ ሆዱን ያመመው መስሎኝ ጎመን ስለማይበላ ገሠጽኩት።

ባሕር ዳር ካሉት ገደሎች አጠገብ የሱፍ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር። ለእናቴ የትከሻ ሻርፕ መረጥኩ፤ ደሴ ብርድ ነው። ጋሽ ኪዳነ አጠገቤ ቆመው ሱፉን በጣታቸው ያሻሹ ነበር።

«ሌላ ጊዜ ብትገዛስ?»

«ለእናት ሌላ ጊዜ ይባላል ጋሽ ኪዳነ?»

ነጩን ከአመዱ አማርጠው ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ ፎቶ ተነሣን፤ በፎቶው መሐል ሻርፑን ትከሻዬ ላይ ጥዬ እንደ ሴት እየተውረገረግሁ የምስቀው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ መጽሐፉ ላይ ያየሁት ገዳም ደረስን። ያረፍነው ሜሪ የምትባል ባልቴት ቤት ነው። ማታውን ሰለሞን ስልኳን ተውሶ ሮተርዳም ያሉት ወዳጆች ቤቱን እንዲያዘጋጁ ደወለ። ዓይኑ መቅላቱን አይታ ምን ሆነህ ስትለው፣ የጓደኛዬ እናት ሞታ ነው አላት። እንዳትነግሪው ማለት አልታሰበውም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዲሁ ተነሥቶ የሚናገር ሰው ዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አላሰበም። እሷም ሰው እናቱ ሞታ ሳያውቅ ይዞራል ብላ አላሰበችም።

በነጋታው ገዳሙ ገባን። ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው መሐል ሣር በቅሏል። ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት፤ ጎብኚዎቹ ካልሲዬን እያዩ ሳቁ። ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ የድንጋይ መስቀሎች አሉ፤ ቅዱሳኑ ተቀርጸውባቸው ፊታቸውን ዝናብ አጥቦታል። አንድ ክብ ረጅም ግንብም አለ፤ በሩ ከመሬት በጣም ከፍ ብሎ ነው የተሠራው።

«ይሄማ እንደ ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣ ነው!» አሉ ጋሽ ኪዳነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየሁ። «ሰለሞን፣ አንተን ለመጎተት ግን ገመዱ የመርከብ መሆን አለበት።»

ሦስታችንም እየሳቅን ሳለ ሜሪ መጣች። የመንደሩ ሰው አሁንም የሚቀበረው እዚያው ነውና ለባሏ መቃብር አበባ ይዛ ነበር። አበባውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀኝ እጄን በሁለት እጆቿ ያዘችና፣ ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ፦

«ስለ እናትህ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ።

ቃሉ ገብቶኛል። የተሳሳተች ግን መሰለኝ። «እናቴ ደሴ ናት፤ ደህና ናት» አልኳት፣ በትሕትና።

ሴትዮዋ ወደ ሰለሞን ዞረች። እኔም ዞርኩ። ሰለሞን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ እንደቆመ ቀስ እያለ ቁጢጥ አለ። ጋሽ ኪዳነ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እንዴት እንደጮኽኩ እኔ አላስታውስም። ሰለሞን «ወይኔ እትዬ» እያለ ደረቱን ሲመታ፣ ጋሽ ኪዳነ ወገቤን ከኋላ አጥብቀው ሲይዙኝ፣ ለጎብኚዎች ታሪክ ይተርክ የነበረው ሰው ዝም ሲል ትዝ ይለኛል። እግሬ በካልሲ ነበር፤ ሣሩ እርጥብ ነበር።

«ስንት ቀን ሳቅሁ!» አልኳቸው። «እናቴ አፈር ገብታ እኔ ገደል ላይ ስጨፍር ቆማችሁ አያችሁ!»

«አንተ እንድትስቅ እኛ ዋጥነው እኮ» አሉ ጋሽ ኪዳነ። ጢማቸው በእንባ ርሷል። «ቤትህ ልናደርስህ ነበር፤ ሜዳ ላይ ልንጥልህ አልፈለግንም።»

ሜሪ ቤት ተመለስን። ሴትዮዋ ከኔ ባልተናነሰ ደንግጣ ነበር፤ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ቀጥሎ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሳይመሽ ጎረቤቶቿ ሻይና በሥጋ የተሞላ ዳቦ ይዘው መጡ። እጄን እየጨበጡ፣ ያንኑ የሜሪን ቃል እየደገሙ፣ ይቀመጣሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከነጭቃ ቦቲው ገብቶ፣ ስሜን ሳይጠይቅ፣ አጠገቤ ተቀምጦ እሳቱን ሲያይ ቆየና ሄደ። ለቅሶ የምንደርሰው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ኪዳነን ግን ይቅር ለማለት ዓመታት ወሰደብኝ። ልጆች ስወልድ ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ለማንም ለደግነት ተብሎ አይዋሽም። ማህሌት ገና ትንሽ ሳለች ዓሣዋ ሲሞትባት፣ አስቴር ሌላ ገዝታ ልትተካ ስትል፣ የሞተውን አሳየኋት። አስቴር ያኔም ጨካኝ ብላኛለች።

እና ትናንት ወጥ ቤቱን ጥዬ ወጣሁና ደወልኩ። ደግሞም ያጎቷ ልጆች የእማማን ፎቶ ከሻማ ጋር ቴሌግራም ላይ ሊለጥፉ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቀጥታ ነገርኳት። ከኋላዋ ነፋስ ይሰማኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ናት።

«እማዬስ?» አለች።

«ሰው ከቧታል።»

«እኔ ግን ማንም የለኝም እኮ አባ። እዚህ ማንም የለም። ቤት እስክመጣ ብትጠብቀኝስ?»

ዘጋችው። እኔ ልክ ነኝ ብዬ ያን ያህል ዘመን የኖርኩ ሰው፣ ደረጃው ላይ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይቺ ልጅ ሽማግሌን አንተ ትላለች፣ ግማሹን ነገሯን በደች ነው የምትናገረው። ካገራችን ልማድ ምንም አልቀራትም ብዬ ነበር።

ሄግ ከተማ በጡረታ ያሉት ጋሽ ኪዳነ ጋ ደወልኩ። ዛሬ ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ ነገርኳት፣ እውነቱን ነገርኳት እያልኩ።

«ደግ አድርገሃል» አሉኝ። «ማን ነበር አጠገቧ?»

«ማንም።»

ከዚያ እንደ ድሮው በቁጣ፣ «ታዲያ እኔ ጋ ምን ያስደውልሃል? ሂዳ!» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የአየርላንዱ በረራ ገና አልተጠራም። አማች የለቅሶ ቤት ጥሎ ሄደ ብለው እየታዘቡኝ ነው፤ ይታዘቡኝ። ሴቶቹ በመደበቃቸው ትክክል ነበሩ አልልም፤ ዛሬም አልልም። እኔ ግን ከሜሪ የተማርኩት እውነት መናገሯን ብቻ ነበር። ስትነግረኝ እጄን በሁለት እጇ ይዛ እንደነበር፣ ወገቤን የያዙኝም እነዚያ የዋሹኝ ሰዎች እንደነበሩ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ማህሌት «እየመጣሁልሽ ነው» ያልኩበትን መልእክቴን አይታዋለች። ሌላ ሳትጽፍ የምታድርበትን ቤት አድራሻ ብቻ ልካልኛለች። ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም።