ዋርደሎስ የተባለው ፊልም

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ዙይድ የሚባል ሰፈር ስኖር ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህቺን ግን አልረሳኋትም፣ አሁንም ታናድደኛለች።

ጠዋት ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደች እማራለሁ። ክፍል ውስጥ ግን አፌን አልከፍትም ነበር። አስተማሪያችን፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሴት፣ በመጨረሻ ጠሩኝና፣

«ከጋዜጣ አንድ ጽሑፍ አምጣና ስለሱ ተናገር። ካልሆነ ወደ ጀማሪዎቹ ትመለሳለህ» አሉኝ። የስድስት ወር ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው።

ስለ አንድ የካራቴ ፊልም የተጻፈ ሂስ መረጥኩ። ፊልሙን አብረውኝ ከሚማሩት ኤርትራዊ አዛውንት፣ ከጋሽ ተክሌ ጋር ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ሰሃን አጣቢ የአለቃውን ስድብ ችሎ ችሎ፣ በመጨረሻ ሲነሳ ሃያ ሰው ይዘርራል። ጋዜጣው ፊልሙን «ዋርደሎስ» ይለዋል። ዋርደ ዋጋ ነው፣ ሎስ ደግሞ የሌለው። ዋጋ የማይገኝለት ማለቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ክፍሉ ፊት ቆሜ፣ «ጋዜጣው ይህን ፊልም በጣም ያደንቃል» ብዬ ጀመርኩ።

አስተማሪዋ ጋዜጣውን ተቀብለው ሲያነቡ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዋርደሎስ እኮ የማይረባ ማለት ነው። ታሪክ የለውም፣ ጀግናውም አሥር ቃል አይናገርም ነው የሚለው» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አፍሬ ልቀመጥ ስል፣ ጋሽ ተክሌ ከኋላ በአማርኛ፣ «እንዳትቀመጥ ልጄ። ጸሐፊው ሰሃን አጥቦ ያውቃል ወይ በላቸው» አሉኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። በተሰባበረ ደች፣ «የጋዜጣው ሰው ተሳስቷል። ሰሃን አጣቢን ማን ምን ይጠይቀዋል? ለማን ይናገር? እኔም ሰሃን አጣቢ ነኝ» አልኳቸው። ከዚያማ ለያዥ ለገናዥ አስቸገርኩ። ድብድቡን አንድ በአንድ ተረክሁ። ቃል ሲጠፋኝ በእግሬ አሳየሁ፤ አንድ ወንበርም ወደቀ።

ሳቁ ቆመ። አስተማሪዋ ወንበሩን አነሱና፣ «ለካ መናገር ትችላለህ» አሉኝ። ወደ ጀማሪዎቹም አልተመለስኩም።

ዛሬ ያን ሂስ ባነበው አንድ ቃል አይጠፋኝም፤ አሁንም ግን አልቀበለውም። ልጆቼ ፊልሙን በቪዲዮ አይተው፣ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ዋርደሎስ ነው» ይሉኛል።

«አዎ፣ ዋጋ አይገኝለትም» እላቸዋለሁ። አሁን ግን ትርጉሙ ጠፍቶኝ አይደለም።