ሥር ማሿ እና ግራ እጆች

ሥር ማሿን ሽምደዳ ያንገሸግሻታል። ዝም ብሎ መጥላት አይደለም፤ አፍንጫዋ ይጨማደዳል፣ «ኧረ ወዲያ!» ትላለች ጮክ ብላ፣ አጠገቧ ሰው ኖረም አልኖረ። ሌላ ሰው አላምጦ የተፋውን አንስቶ መዋጥ ነው የሚመስላት።

ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ በሳምንት አንዲት ሰዓት ግን ከላቲን የመጡ ቃላትን ሥር ታስቆፍራለች። «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ!» እያሉ ከኋላዋ ሲያሾፉ ሰማችና ዞር ብላ፣ «ቅጠሉን እናንተ በጥሱ፣ እኔ ሥሩ ይበቃኛል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተለጠፈባት፣ እሷም አልከፋትም።

አሠራሯ የራሷ ነው። ሥሩን ከነትርጉሙ ሰሌዳ ላይ ደርድራ «ገልብጡ» አትልም። ተማሪው ከመንገድ ቃል ለቅሞ ይመጣል፤ ከሱቅ ታፔላ፣ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከአውቶቡስ ጎን። ከዚያ «ይሄን የማያውቅ ማነው?» ትላለች። ቀድሞ «አላውቅም» ያለ ጠመኔውን ይይዛል። የሚያውቅ ቁጭ ይላል፣ የማያውቅ ይቆፍራል፣ ሕጉ ይኸው ነው። ጠመኔዋን ለመያዝ ሲሉ እያወቁ «አላውቅም» የሚሉ አጭበርባሪዎችም ነበሩ፤ እነሱን በግልምጫ ትመልሳቸዋለች።

ከኋላ፣ መስታወቱ በካርቶን በተተካው መስኮት ሥር የምትቀመጥ ጭምቷ የሚሏት ልጅ አለች። ድምጿ ከጉሮሮዋ አልፎ አያውቅም። አንድ ቀን ጠመኔዋ ደረሰቻት። ትራንስፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ኢምፖርት ሰሌዳው ላይ ተጽፈዋል፤ ፖርት መሸከም መሆኑ ተደርሶበታል። ጭምቷ ከሥራቸው ፓስፖርት ብላ ጨመረችና፣ «ሰውየው ተሸክሞት ስለሚያልፍ ነዋ» አለች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

ሥር ማሿ ከደስታዋ ብዛት ጠረጴዛውን ደበደበችው። «ተሳስተሻል! ጎበዝ! ይሄኛው ፖርት የወደብ ነው፣ የመግቢያ በር ነው። አያታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ቤታቸው ግን ለየቅል ነው። ፓስፖርት ውስጥ ፖርት እንዳለ እስከ ዛሬ ማን ጠረጠረ? ማንም!» ጭምቷ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ «አላውቅም!» ለማለት እሷን የሚቀድማት ጠፋ።

ርዕሰ መምህሩ የዱሮ ተማሪዋ ነው። ልጅ ሳለም ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ ዓይኑ የማይነሣ ነበር፤ አድጎም አልተሻለው። አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ ገብቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«መምህርት፣ ዓርብ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። የእርስዎን ሰዓት ያያሉ። ከወደዱት ይቀጥላል፣ ካልወደዱት ለሒሳብ እሰጠዋለሁ። እርስዎም መጻሕፍት ቤት እንዲጠብቁ ይመደባሉ።»

«ጡረታዬ ሳይደርስ ልትቀብረኝ ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ብቻ ክፍሉ ሞቅ ይበል፣ እጅ ይታይ። ደግሞ ያንን ‹የማያውቅ ማነው› የሚሉትን ነገር ይተዉልኝ። ‹የሚያውቅ› ይበሉ። ለአንድ ቀን እኮ ነው።»

«እጅ ይታይ! ክፍል ነው ወይስ ምርጫ?» አለች። ነገሩ ቀፈፋት። ግን ያቺን ሰዓት አሰበችና ጥርሷን ነክሳ እሺ አለችው።

ባሏ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ የቤታቸውን የፊት ክፍል በሽቦና በድምፅ ማጉያ ሞልቶታል። ማታ ስትገባ ፊቷን አይቶ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን አስጠላሽ?» አላት።

«ያቺ ሰዓት ከሄደች ምን ይቀረኛል?»

«እኔ አለሁልሽ።»

«አንተማ ተጠግነህ ተጠግነህ አልቀሃል» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

ዓርብ ጠዋት፣ እሷ ሌላ ክፍል ስታስተምር ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቿ ዘንድ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነበር። ይህን አላወቀችም። ሰዓቱ ሲደርስ እንግዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ፣ እሱ በሩ ላይ ቆመ። ሥር ማሿ ሰሌዳው ላይ ኢንስፔክተር ብላ ጻፈች፤ ለእንግዶቹ ያሰበቻት ትንሽ ቀልድ ናት። ከዚያ፣ አፏ አልለመደውምና እየተናነቃት፣ «ይሄን የሚያውቅ?» አለች።

ወይ ጉድ! እጅ በሙሉ ወጣ። ሰነፉም፣ ጎበዙም፣ ሲያንቀላፋ የሚውለውም። ልቧ በደስታ ዘለለ። ከኋላ ያቺ ቀጭን እጅ ከፍ ብላ አየቻትና ሳታመነታ ጭምቷን ጠራች።

ልጅቷ ተነሣች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሥር ማሿ ጠጋ አለች። «ምነው? ንገሪና።»

«ቲቸር» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ፣ «ግራዬን እኮ ነው ያወጣሁት።»

«ብታወጪስ?»

«የማያውቅ ግራውን ያውጣ፣ ቀኙን ያወጣ ብቻ ነው የሚጠየቀው ተብለናል። እርስዎም እንደሚያውቁ ርዕሰ መምህሩ ነግረውናል።»

ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘችው። ግራ፣ ግራ፣ ግራ። ቀኝ እጅ የፊት ወንበር ላይ ብቻ ነው ያለው። ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከበሩ ፈገግ አለላት፣ በአገጩም ወደ ፊት ወንበር ጠቆማት። «ኧረ ወዲያ!» ምላሷ ላይ ደረሰ። ልትናገር አፏን ከፈተች። እንግዶቹ እያዩዋት ነው። አቧራ የጠገበው መጻሕፍት ቤት ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻትና፣ ከፊት አንዱን ቀኝ እጅ ጠቆመች።

«ኢን ወደ ውስጥ! ስፔክት ማየት!» አለ ልጁ እንደ በቀቀን። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሥር ማሿ ወደ መስኮቱ ማየት አልቻለችም።

«እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይተን አናውቅም!» ብለው ሄዱ። ሰዓቷ ጸደቀችላት። ርዕሰ መምህሩ ደስታው ሊያፈነዳው ደርሶ፣ ሰኞ በስብሰባው ላይ ለመምህራኑ በሙሉ ይህን ዘዴ እንድታሠለጥን ነገራት፣ እሷም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ቤት ገብታ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ባሏ መፍቻውን እንደያዘ፣ «ምን ነካሽ?» አላት።

«እጄ ይሸተኛል። በዚህ እጄ ነው የጠቆምኩት።»

ፎጣ አቀበላት።

ሰኞ፣ ለዘወትሩ የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ክፍሏ ገባች። ሰሌዳው ላይ አዲስ ቃል ጻፈችና በዱሮው ድምጿ፣ «ይሄን የማያውቅ ማነው?» አለች። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጠመኔዋን ይዛ እስከ ኋላው ወንበር ሄደችና ለጭምቷ ዘረጋችላት።

«አውቀዋለሁ፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሰብራ።

«ምንድነው?»

ልጅቷ ጠመኔዋን አልነካቻትም። ሥር ማሿ በዕድሜዋ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ እንደዚህ አንጀቷን ያሳረራት ግን የለም፣ ውሸቱን ያስተማረቻት እሷ ራሷ ናትና።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ተሰበሰቡ። የግራ እጆቹ ወሬ ከተማሪዎቹ አምልጦ ሁሉም ጋ ደርሷል፣ አንዳንዱ ከወዲሁ ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ይዟል። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህርት ዛሬ ዘዴያቸውን ያካፍሉናል። ዝግጁ ነዎት?»

ሥር ማሿ ተነሥታ እጇን አወጣች። ግራዋን።

የኬሚስትሪው አስተማሪ ሳቁ አመለጠው። ርዕሰ መምህሩ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ይቀልዳሉ?»

«አላውቅም ማለቴ ነው። ሕጉ የአንተ አይደል?»

«መምህርት፣ ሰዓቱ እኮ...»

«ሰዓቱን ለሒሳብ ስጠው። ያቺ ልጅ የማታውቀውን አውቃለሁ ብላኛለች፤ እዚያ ክፍል ከእንግዲህ ምን ልቆፍር ነው?»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ጠጋ አለች። «በል፣ የመጻሕፍት ቤቱን ቁልፍ አምጣ» አለችው፣ ግራ እጇን ሳታወርድ።